በላሊበላ ቤት ከመግዛት በፊት፦ ተከራዩ ማን ነው?

ሐርጌሳ ውስጥ ዕቁብ ለወጣለት ሰው መካሪ አይጠፋም። አንዱ ዕቃ ጨምር ይለዋል፣ ሌላው መኪና ግዛ ይለዋል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በየቡናው ላይ የምሰማው ምክር ግን «ላሊበላ ቤት ግዙ» የሚል ነው። እዚህ ዲላል የሚሉት፣ እኛ ደላላ የምንለው ሰው በስልክ ፎቶ ይልካል። ከኋላ ተራራ ይታያል፣ ከፊት ሰፊ ግቢ፣ ስድስት ወይም ስምንት ክፍል። «አሁን ቱሪስት ስለሌለ ነው ባለቤቱ የሚሸጠው፤ ሰላም ሲሆን ዋጋው እጥፍ ይሆናል፤ ሳይቀድሟችሁ ቅደሙ» የሚል የድምፅ መልእክትም አብሮ ይመጣል።

ውድ ወገኖቼ፣ አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። በሱቅ የሚሽከረከር ገንዘብ አውጥቶ በእንግዳ በሚተዳደር የተራራ ከተማ ቤት መግዛት ለእኛ ለድንበር ነጋዴዎች አይሆንም። እዚያ መግዛት ያለበት ወይ ራሱ ገብቶ ሊኖርበት የወሰነ ሰው ነው፣ ወይ ደግሞ እንግዳ ባይመጣም የሚከራየው የአገሩ ሰው ያለው ነው። ሁለቱም ቢሆኑ ወረቀቱ በራሳቸው ስም መሆን አለበት። ይህን የምለው ላሊበላን ለማሳነስ አይደለም። ከተማዋ እንዴት እንደምትኖር ሳናውቅ ገንዘባችንን እየላክን ስለሆነ ነው።

ላሊበላ በላስታ ተራሮች ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍረዋል። ከዚያ ወዲህ ሆቴሉ፣ አስጎብኚው፣ ሹፌሩ፣ በቅሎ አከራዩ፣ ዕደ ጥበብ ሻጩ ሁሉ ኑሮውን ያቆመው በሁለት ዓይነት እንግዳ ላይ ነው። አንደኛው ከውጭ የሚመጣው ጎብኚ ነው። ሁለተኛው በተለይ በገና፣ ታኅሣሥ 29፣ ከየአገሩ ለመሳለም የሚመጣው ምእመን ነው። ጎብኚው ዶላር ያመጣል፣ ነገር ግን ችግር ሲሰማ ይቀራል። ምእመኑ በችግርም ቢሆን ይመጣል፣ ነገር ግን ስንቁን ይዞ የሚመጣው፣ ሜዳ ላይ የሚያድረው፣ በየቤቱ እግሩን ታጥቦ የሚስተናገደው ብዙ ነው። የስምንት ክፍል የእንግዳ ማረፊያ ዓመቱን ሙሉ የሚኖረው በምእመኑ ገንዘብ አይደለም፣ በጎብኚው ገንዘብ ነው።

ያ ጎብኚ ባለፉት ዓመታት ስንት ጊዜ እንደቀረ እንቁጠር። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣና በረራ ቆመ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ በሐምሌ መጨረሻ 2013 ከተማዋ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባች፣ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስም ከእጅ ወደ እጅ ተቀያየረች። ሰው ትንሽ ቀና ሊል ሲል በሐምሌ መጨረሻ 2015 በአማራ ክልል ውጊያ ተነሣ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ ወደ ላሊበላ የሚደረገውም በረራ ተቋርጦ ነበር። በአራት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የማናስተውለው ነገር አለ። «ሰላም ሲሆን» የሚለው ቃል ለቱሪስት ከተማና ለሌላ ከተማ አንድ ትርጉም የለውም። ቶጎ ውጫሌ ላይ መንገድ ቢዘጋ በተከፈተ ማግሥት መኪናው ይንቀሳቀሳል፤ ሽንኩርት የሚፈልግ ሰው ዛሬም ነገም ሽንኩርት ይፈልጋልና። ቱሪስት ግን እንደዚያ አይደለም። የውጭ መንግሥታት ለዜጎቻቸው የጉዞ ማስጠንቀቂያ ሲያወጡ አብዛኛው የጉዞ መድን በዚያ አካባቢ አይሠራም። መድን ከሌለ ደግሞ የጉዞ ድርጅት ቡድን አይልክም። ተኩስ ከቆመ በኋላም ማስጠንቀቂያው እስኪነሣ፣ ድርጅቱ ፕሮግራሙን እስኪያወጣ፣ ሰውም እስኪመዘገብ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመት ያልፋል። ስለዚህ ደላላው «ሰላም ሲሆን» ሲላችሁ በልባችሁ ሌላ አንድ ሁለት ዓመት ጨምሩበት።

አሁን እንደ ሱቅ ሒሳብ እናስላው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የቀረቡ ናቸው፤ እናንተ በያዛችሁት ቁጥር ተኩት። ስምንት ክፍል ያለው ቤት በ6,000,000 ብር ገዛችሁ እንበል። ክፍሉ በአዳር 1,000 ብር ይከራያል፣ በዓመት ለ60 ሌሊት ሁሉም ክፍል ሞልቶ ያድራል እንበል። ገቢው 480,000 ብር ነው። ለጥበቃ በወር 5,000 ቢከፈል በዓመት 60,000 ነው። ለጽዳት ሠራተኛ በወር 4,000 ቢከፈል 48,000 ነው። ለጥገናና ለቀለም 80,000 እንበል። ለመብራት፣ ለውሃ፣ ለአንሶላ እጥበት 60,000። ለሚያስተዳድርላችሁ ዘመድ 72,000። ድምሩ 320,000 ይሆናል። የሚቀራችሁ ግብር ሳይከፈል 160,000 ብር ነው፤ ካወጣችሁት ገንዘብ ጋር ሲተያይ በዓመት ሦስት በመቶ እንኳ አይሞላም።

እንግዳ የቀረበት ዓመት ደግሞ ይምጣ። ቤቱ የሞላው በገና ሰሞን ለ15 ሌሊት ብቻ ቢሆን ገቢው 120,000 ነው። ጥበቃውና ጽዳቱ ግን አይቀሩም፣ ዝናቡም ጣሪያውን ማበላሸቱን አይተውም። እነዚህ ሦስቱ ብቻ 188,000 ናቸው። ከኪሳችሁ 68,000 ብር ትጨምራላችሁ ማለት ነው፤ ዘመዳችሁ ገና አልተከፈለውም፣ መብራትና ውሃም ገና አልታሰበም። በዚያ ላይ እኛ የምንሠራበት ገንዘብ በወር አንድ ሁለት ጊዜ የሚዞር ነው። ከሱቅ የወጣው ገንዘብ በድንጋይ ግድግዳ ውስጥ ሲቀመጥ የሚጠፋው ኪራዩ ብቻ አይደለም፤ ያልዞረው ትርፍም አብሮ ይጠፋል።

«ብርስ?» የሚለኝ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ብር ይዞ የተቀመጠ ሰው ግማሽ ያህሉን አጣ፤ ቤት የነበረው ሰው ግን ቤቱ ቤት ሆኖ ቆየለት። ይህ እውነት ነው፣ ጠንካራ ክርክርም ነው። ነገር ግን ቤት ዋጋውን የሚጠብቀው ገዢ ሲኖረው ነው። አዲስ አበባ፣ ድሬዳዋ ወይም ጅግጅጋ ላይ ቤት የሚገዛው ደመወዝተኛም ነጋዴም ተመላሽም ነው፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው አለ። በቱሪስት ከተማ ግን ገዢም ተከራይም የሚመጣው በአንድ በር ነው፣ በሩ ሲዘጋ ሁለቱም አብረው ይጠፋሉ። ለዚህ ነው ባለቤቱ ዛሬ ቀንሶ የሚሸጥላችሁ። እናንተም ነገ ልጅ ታሞ፣ ወይም ዕቃ ድንበር ላይ ተይዞ ገንዘብ ቢያስፈልጋችሁ የምትሸጡት እሱ በሸጠበት መንገድ ነው። ደግሞ እኛ ሐርጌሳ ያለን ሰዎች ገቢያችን በዶላርና በሶማሌላንድ ሽልንግ ነው፤ ከብር መውደቅ ለማምለጥ ብለን ዶላራችንን ወደ ብር ኪራይ ስንለውጥ የሸሸነው ነገር ውስጥ መግባታችን ነው።

ይህ የላሊበላ ችግር ብቻ አይደለም፤ የተራራ መዝናኛ ከተማ ሁሉ ጠባይ ነው። ስዊዘርላንድ በተራሮቿ የታወቀች ሀብታም አገር ናት። እዚያ እንኳ ባለቤቶቻቸው በዓመት ጥቂት ሳምንት ብቻ የሚገቡባቸው ቤቶች ስለበዙ መንደሮቹ ዓመቱን ሙሉ መስኮታቸው የተዘጋ ሆነው ነበር። እንዲህ ያለውን ቤት «ቀዝቃዛ አልጋ» ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2012 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ በአንድ ቀበሌ ውስጥ ከጠቅላላው መኖሪያ ቤት ከ20 በመቶ በላይ ሁለተኛ ቤት እንዳይሆን ወሰነ። የውጭ አገር ሰው መግዛቱም በሕግ የተገደበ ነው። የዚያ አገር ሰዎች እንዲህ የሚጠነቀቁበትን ነገር እኛ በስልክ ፎቶ አይተን መወሰን የለብንም።

ሩቅ ሳንሄድ እዚሁ ያለውን ምሳሌ እንይ። በበርበራና በቡርኦ መካከል፣ መኪናው በጠመዝማዛ መንገድ ሽቅብ ወጥቶ የሚደርስባት ሼኽ የተራራ ከተማ ናት። በእንግሊዝ ዘመን ሹማምንቱ ከበርበራ ሙቀት የሚሸሹት ወደዚያ ነበር። ዛሬም ሐጋ ሲመጣ፣ በርበራ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ቤተሰቦች ወደ ደጋው ይወጣሉ። ሼኽን ግን የሐጋ እንግዳ ብቻ አይደለም ያኖራት። የቆየ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አላት፣ የኢጋድ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤትም እዚያ ነው፣ የበርበራና የቡርኦ መንገድም በመሐሏ ያልፋል። ተማሪ፣ አስተማሪ፣ ሹፌር በክረምትም በበጋም አለ። አየሩ ደስ ስለሚል የመጣው ሰው ሲሄድ፣ ለሥራ የመጣው ሰው ይቀራል። የተራራ ከተማ ቤት ሊገዛ የሚያስብ ሰው ሊጠይቀው የሚገባው ይህን ነው። እንግዳው ሁሉ ቢቀር እዚህ ሰፈር ውስጥ ማን ይከራየኛል? አስተማሪ? ነርስ? የባንክ ሠራተኛ? እነርሱ የሚከፍሉት ኪራይ ስንት ነው? ቤቱን በዚያ ኪራይ ልክ ዋጋ ስጡት። በዚያ ሒሳብ ካዋጣ ቱሪስቱ ሲመጣ ምርቃት ይሆንላችኋል። ካላዋጣ ግን የምትገዙት ቤት ሳይሆን ተስፋ ነው።

ሁለተኛው ነገሬ ወረቀት ነው። ከኪራዩ ይልቅ ቤተሰብ ሲያፈርስ ያየሁት ይኸኛው ነው።

በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። የምንገዛው በላዩ የተሠራውን ቤትና የይዞታ መብቱን ነው። በከተማ ውስጥ ይዞታው ወይ ነባር ነው፣ ወይ በሊዝ አዋጅ 721/2004 የተያዘ ነው። ሊዝ ከሆነ ያልተከፈለ የሊዝ ዕዳ ስንት እንደቀረ መጠየቅ አለበት። ባዶ ቦታ ወይም መሠረቱ ብቻ የወጣ ቤት ከሆነ ደግሞ ግንባታው ሳይጋመስ ሲተላለፍ ሕጉ ሻጩ የሚያገኘውን ጥቅም ይገድባል። ሻጭና ገዢ ያንን ለማምለጥ ብለው የሚጽፉት የጓዳ ውል በኋላ የሚጎዳው ገዢውን ነው።

ከዚህ የባሰው በከተማው ዳርቻ ያለው ነው። «ከገበሬ ላይ በርካሽ» ሲባል ጆሯችሁ ይነቃ። የገጠር መሬት መሸጥ ክልክል ነው። አንዳንዱ ሽያጩን «ስጦታ» ብሎ ይጽፈዋል፣ አንዳንዱ «ኪራይ» ይለዋል። የገበሬው ልጆች ነገ አድገው ቢከሱ፣ ወይም መሬቱ ወደ ከተማ ሲካለል ካሣ ቢመጣ፣ ስሙ የሚጠራው የእናንተ አይደለም። በቅርስ አጠገብ ያለ ቤትም የራሱ ነገር አለው። በላሊበላ በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ይኖሩ የነበሩ ብዙ ቤተሰቦች ለቅርሱ ጥበቃ ተብሎ ተነሥተው ኩራኩር ወደሚባለው ሰፈር ሄደዋል። በሰሜን ተራሮችም ከፓርኩ ውስጥ የግጭ መንደር ነዋሪዎች ተነሥተው ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። «ከቤተ ክርስቲያኑ ሁለት ደቂቃ» የሚለው ማስታወቂያ ለጎብኚ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ለገዢ ግን ፎቅ መጨመር ይፈቀዳል ወይ፣ የመነሣት ዕቅድስ አለ ወይ ብሎ ማዘጋጃ ቤት መጠየቅን ይጠይቃል።

ስለ ስም ደግሞ ልናገር። አብዛኞቻችን ኢትዮጵያዊ ዜግነታችን እንዳለ ነው፤ ስለዚህ በራሳችን ስም መግዛት እንችላለን። ዜግነት የቀየረ ትውልደ ኢትዮጵያዊም በአዋጅ 270/1994 መሠረት ቢጫ ካርድ ካለው ይችላል። የትዳር ጓደኛቸው የሶማሌላንድ ሰው የሆነ ቤተሰቦች ደግሞ በ2017 ዓ.ም. የወጣውን አዋጅ 1388ን ይወቁ። የውጭ ዜጋ በኢትዮጵያ ቤት እንዲኖረው ፈቅዷል፣ ነገር ግን መነሻው ከ150,000 የአሜሪካ ዶላር ያላነሰ ገንዘብ ነው። «አሁን ለውጭ ሰው ተፈቅዷል» ብሎ ለባልሽ በሁለት ሚሊዮን ብር ቤት የሚያስማማ ደላላ ካለ ሕጉን አላነበበም ማለት ነው።

እንዲህ የሚቻል ሆኖ ሳለ ግን ብዙዎቻችን በወንድም ስም፣ በአጎት ልጅ ስም እንገዛለን። «መመላለስ ያደክማል፣ እሱ እዚያው ነው፣ ወንድሜ አይክደኝም» እንላለን። ወንድም ላይክድ ይችላል። ይሞታል ግን። የማውቃት አንዲት ነጋዴ ለስምንት ዓመት በሐዋላ እየላከች ያሠራችው ቤት በወንድሟ ስም ነበር። ወንድሟ በድንገት አረፈ። በቤተሰብ ሕጉ በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ንብረት የባልና የሚስት የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል፤ የቀረውም ለልጆቹ ይወረሳል። ሚስቲቱ ክፉ ሰው አልነበረችም፣ ልጆቿን የምታሳድግበት ሌላ ነገር አልነበራትም። ነጋዴዋ ደግሞ የላከችበት አንዲት ደረሰኝ አልነበራትም። ፍርድ ቤት ቢኬድ ማስረጃ የለም፣ ሽማግሌ ቢቀመጥ ከወላጅ አልባ ልጆች ላይ ቤት ውሰጂ ብሎ የሚፈርድ የለም። ቤቱንም ወንድሟንም ቤተሰቧንም በአንድ ዓመት አጣች። ማንም ሌባ ሳይሆን የሆነ ነገር ነው።

መድኃኒቱ ከባድ አይደለም። በሐርጌሳ የኢትዮጵያ ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ሄዶ ውክልና መስጠት ይቻላል። ውክልናው «በእኔ ስም እንዲገዛልኝ፣ ስሙን በእኔ እንዲያዛውርልኝ» ይበል፤ «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ በዋስትና እንዲያስይዝ» የሚለው ይቅር። ከዚያ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ሥራ ላይ ይውላል። ውሉ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 እንደሚለው በጽሑፍ ይሁን፣ ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው ፊት ይመዝገብ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሚስቱም ትፈርም። ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ከማዘጋጃ ቤቱ በጽሑፍ ይጠየቅ። ገንዘቡ በባንክ ይሂድ። ሐዋላው ፈጥኖ ይደርስ ይሆናል፣ ምንዛሪውም ይሻል ይሆናል፤ ነገር ግን ያቺ ትንሽ ልዩነት የማስረጃ ዋጋ ናት፣ እንክፈላት።

በመጨረሻ ሒሳብ የማይገዛውን ነገር ላንሣ። አንዳንዶቻችን ላሊበላን የምንፈልጋት ለኪራይ አይደለም። እናቴ በእርጅናዋ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ትኑርልኝ፣ እኔም ስደከም የምገባበት ይኑረኝ የሚል ሰው አለ። ይህን ሰው አልከራከረውም። ለእናት የሚሠራ ቤት ትርፍ አይጠየቅበትም። የምለምነው ይህን ብቻ ነው። ያንን ቤት ትንሽ ያድርገው፣ ከዕቁቡ ሳይሆን ከትርፉ ይሥራው፣ «ስድስቱን ክፍል አከራያለሁ» ብሎ አያሳድገው፤ እናቱ በመብራትና በሐኪም ቅርብ መሆኗንም ይይ። ለመሳለም ብቻ ከሆነ ደግሞ ቤት መግዛት አያስፈልግም። የላስታ ሰው እንግዳ ሲቀበል ኖሯል፤ ሄደን ከእርሱ ዘንድ ብናድርና የአልጋውን ብንከፍለው ከተማዋን ከምንጠቅምበት መንገድ ሁሉ ይሄ ይበልጣል።

እንግዲህ የዕቁብ ዕጣ የደረሳችሁ እህቶችና ወንድሞች፣ ደላላው የሚቀጥለውን ፎቶ ሲልክላችሁ ሦስት ነገር መልሳችሁ ጠይቁት። ባለፈው ሰኔ ቤቱን የተከራየው ሰው ማን ነበር? ስንት ከፈለ? ካርታው በማን ስም ነው? ለሦስቱም ስምና ወረቀት ካላመጣ፣ ብሩ ሱቃችሁ ውስጥ ይቆይ።